ተራራን የሚያርቅ ቡና

ዛሬ ቡና ሲፈላ ትንሽ ላስቸግርዎት። ከአቦሉ ሩብ ስኒ ያስቀሩ፤ ከቶናውም እንዲሁ፤ ከበረካውም እንዲሁ። ሦስቱን ስኒዎች ረከቦቱ ላይ ጎን ለጎን ይደርድሩና ከላይ ሆነው ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በአቦሉ ስኒ ሥሩ ጭራሽ አይታይም። በቶናው የስኒው ግድግዳ ወደ ታች እየጠቆረ ይሄዳል። በበረካው ግን ነጩ ሸክላ ከሥር ብቅ ይላል።

ጎረቤት «በረካው ውሃ ሆነ» ብላ ብታማ ዝም ይበሉ። ዛሬ ጉዳያችን ከውሃው ጋር ነው።

ፊትዎ ያለው ነገር ከ350 ዓመት በፊት ሮም ወይም አምስተርዳም ተቀምጦ ተራራ፣ ወንዝና ዛፍ ይሥል የነበረ ሰው ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ብዙም አይለይም። አንድ ቡናማ ቀለም አለው፤ ውሃ አለው፤ ብዕርና ብሩሽ አለው። ሰማያዊ የለውም፣ አረንጓዴ የለውም። በዚህችው የማታ ጀንበር ይሥላል፤ የዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ይሥላል። ባሮክ በሚባለው ዘመን፣ ማለትም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ይህ የአሣሣል ዘዴ እጅግ ረቅቆ ነበር። መስመሩ በብዕር ይሰመራል፤ ጥላውና ርቀቱ በውሃ በቀጠነ ቀለም ይቀባል።

እንዴት ነው አንድ ቀለም ብቻውን ርቀት የሚፈጥረው? መልሱን ለማግኘት ከቤት መውጣት ያስፈልጋል።

ደባርቅ፣ ዳባት ወይም መካነ ብርሃን የሚኖሩ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። አውሮፓውያኑ ሠዓሊዎች ተራራ ፍለጋ ስንት አገር አቋርጠዋል፤ እርስዎ በር ሲከፍቱ ያገኙታል። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ይቁሙና ወደ ተከዜ በኩል ይመልከቱ። እግርዎ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ጥቁር ሊባል የደረሰ አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ ያለው አምባ ትንሽ ፈዘዝ ይላል። ከሱ ኋላ ያለው ደግሞ የባሰ ይፈዛል። መጨረሻ ላይ ያለው ተራራ ይሁን ደመና ለመለየት እንኳ ያስቸግራል።

እነዚያ ተራሮች በእውነት የፈዘዙ አይደሉም። የሰሜን ገደሎች ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ የተሠሩ ናቸው፤ የቅርቡም የሩቁም ዐለት ያው ጥቁር ዐለት ነው። በመካከል የገባው አየር ነው። አየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ፣ እርጥበትና ራሱ አየሩ የፀሐይን ብርሃን ይበትኑታል፤ ከተበተነው ጥቂቱ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስለዚህ በእርስዎና በገደሉ መካከል ኪሎ ሜትር በተጨመረ ቁጥር አንድ ስስ ነጠላ እንደተደረበበት ነው፤ ነጠላው ሲደራረብ ጥቁሩ እየነጣ ይሄዳል።

የማያምኑ ከሆነ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልለው በአንድ ዓይን ይመልከቱበት። መጀመሪያ የቅርቡን ቤት ጥላ፣ ከዚያ የሩቁን ገደል ጥላ። ያለ ቱቦው «ጥቁር» ያሉት የሩቅ ገደል በቱቦው ውስጥ ግራጫ ሆኖ ያገኙታል። አእምሯችን ገደል ጥቁር መሆኑን ስለሚያውቅ በቀን በቀን ይሸውደናል፤ ቱቦው ግን ዙሪያውን ቆርጦ ስለሚያስቀርበት ዓይን የሚያየውን ብቻ እንዲመሰክር ይገደዳል።

ክረምቱ በወጣ ማግስት፣ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ አየሩን ሲያጥበው ተራሮቹ የቀረቡ እንደሚመስሉም አስተውለው ይሆናል። የካቲትና መጋቢት ላይ፣ አቧራውና የእርሻ ጭሱ ሲበዛ፣ ያው ተራራ ይርቃል። ተራራው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ነጠላው ነው የሳሳውና የወፈረው።

አሁን ወደ ስኒዎቹ እንመለስ። አቦሉ የቅርቡ ነው፤ ቶናው የመካከሉ፤ በረካው የሩቁ። ውሃ በቀለም ላይ የሚሠራው ሥራ አየር በተራራ ላይ ከሚሠራው ጋር አንድ ዓይነት ውጤት አለው። የባሮክ ሠዓሊዎች ብልሃት በሙሉ ማለት ይቻላል እዚህች ላይ ነው የታነጸው።

እንሞክረው። መጀመሪያ ግን ስለ ቡናው ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ስኳር የገባበት አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጣበቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ጨው ቢኖርበት ሲደርቅ ነጠብጣብ ያወጣል። ቅቤ ከገባበት ጭራሽ ይተዉት፤ ስቡ ውሃውን ወረቀቱ ላይ እየገፋ ያንከባልለዋል። አተላው እስኪዘቅጥ ይጠብቁ። አቦሉም ለአፍ የሚበቃውን ያህል ለወረቀት አይበቃም፤ በትንሽ ብረት ድስት እሳት ላይ ጥደው ሊወፍር እስኪቃረብ ያትንኑት።

ብሩሽ የለኝም እንዳይሉ። የወይራ መፋቂያ አለ አይደል? ጫፉን እንደ ልማድዎ አኝከው ጭራ ጭራ ሲል ብሩሽ ነው። አንድ ለቀለሙ፣ አንድ ለንጹሕ ውሃ፣ ሁለት ያዘጋጁ። ወረቀቱ ወፈር ያለና የማያብረቀርቅ ይሁን። የደብተር ወረቀት ይሠራል፤ ግን ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። ያለፈ የሠርግ መጥሪያ ጀርባ፣ ካላብረቀረቀ፣ ከደብተር ይሻላል።

ከበረካው ይጀምሩ። ወረቀቱ አናት አካባቢ የሩቁን ተራራ ጫፍ በብሩሹ ስለው ከሱ በታች ያለውን ሁሉ ይቀቡት። ይድረቅ። በእጅ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል ከሆነ ገና አልደረቀም። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለው ሁለተኛውን አምባ በቶናው፣ እሱም ሲደርቅ ከግርጌ የቅርቡን በአቦሉ። ሦስት ቅብ ብቻ ነው። አሁን ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርገው ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ይመልከቱት።

ጥልቀት አለው፤ አይደል?

ከሩቁ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡና ወረቀት ላይ ሲደርቅ ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም፤ ያሳልፋል። ብርሃን በቀለሙ ውስጥ ገብቶ ነጩ ወረቀት ላይ ይደርስና ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይወጣል። ስለዚህ በረካ በረካ ላይ ቢደርቡ ይጠቁራል፤ ከደረቀ በኋላ ደጋግመው ሲደርቡት ቶናውን ይደርሳል። ይህንንም ይሞክሩት፤ በአንዲት በረካ ብቻ ስንት ደረጃ ጥላ እንደሚያወጡ ሲያዩ ይገረማሉ። ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ መሄድ ይቻላል፤ ከጥቁሩ ወደ ፈዛዛው ግን መመለሻ የለም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ነው በዚህ ሙያ ነጭ ቀለም ብዙ ጊዜ የማይቀባው። ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው። ጭጋግ ለመሣል ከፈለጉ ጭጋጉ ያለበትን ቦታ አይንኩት። ወንዝ ከፈለጉ አይንኩት። ጀማሪ ሁሉ ወረቀቱን እየሞላ ይጨርሰዋል፤ የሠለጠነው የሚታወቀው ሳይነካ በተወው ቦታ ነው።

በዚህ የተካነው ክሎድ ሎራን ነው። ትውልዱ ሎሬን የምትባል፣ ዛሬ የፈረንሳይ ግዛት የሆነች አገር ነው፤ ኑሮው ግን ሮም ነበር፤ በ1682 እዚያው ሞተ። ከከተማው ወጥቶ ሜዳውን፣ ፍርስራሹንና ኮረብታውን በብዕርና በቡናማ ቀለም ይነድፍ ነበር። በ1635 ገደማ አንድ መጽሐፍ ጀመረ፤ «ሊበር ቬሪታቲስ»፣ የእውነት መጽሐፍ ይባላል። ለሰው የሚሸጠውን የቀለም ሥዕል ሁሉ በትንሹ እየነደፈ እዚያ ያስቀምጥ ነበር፤ ሐሰተኛ ቅጂ እየተሠራ በስሙ መሸጥ በመጀመሩ ነው ይባላል። ወደ 200 የሚጠጉት እነዚያ ንድፎች ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ክሎድ መጽሐፉን በጀመረበት ሰሞን፣ በ1636 እንደሚባለው፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቆረቆሩ። ፋሲል ግንብ ሲያስገነቡ፣ ሮም ያለው ሰው ቡናማ ቀለም በውሃ ያቀጥን ነበር።

የክሎድ ንድፍ አሠራር ለመቅዳት ቀላል ነው፤ አሳምሮ ለመሥራት ግን ዕድሜ ይጠይቃል። በአንድ በኩል፣ ከፊት፣ ጥቁር ያለ ትልቅ ዛፍ ያቆማል። መካከሉን መጠነኛ ያደርገዋል። ሩቁን በጣም ያቀጥነዋል። ጥቁሩ ዛፍ ፈዛዛውን ተራራ ገፍቶ ያርቀዋል። እኛ ዘንድ ለዚያ ዛፍ ቦታ ጅብራ አለ! ግጭ ወይም ጨነቅ አካባቢ አንዲት ጅብራ ከፊት በአቦል ጥቁር አድርገው፣ ከኋላዋ ገደሉን በበረካ ቢያኖሩ፣ ክሎድ ራሱ አገላብጦ የሚያየው ነገር ይሆናል። በበኩሌ ለዚህ ሥራ ከሮም ዛፍ ይልቅ ጅብራን እመርጣለሁ፤ ግንዷ ቀጥ ያለ፣ አናቷ ደፈር ያለ፣ ሁለት ሦስት ቅብ የሚበቃት ናት።

አሁን ሳይታሰብ የሚመጣ ችግር። ቅቡ ሲደርቅ ዳር ዳሩ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ወጥቶ ይሆናል። ረከቦቱ ላይ የምትንጠባጠበው ቡና ስትደርቅ የምትሠራው ቀለበትም ያው ነው። ዛሬ ማታ አንዲት ጠብታ ሳይጠርጉ ይተዉና ጠዋት ይዩዋት፤ መካከሏ ፈዛዛ፣ ዳሯ ጥቁር ሆና ያገኟታል።

ይህች ቀለበት ተንቃ ኖራ ኖራ በ1997 የፊዚክስ ሊቃውንት «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ምስጢሯን ጻፉ። ጠብታዋ ስትደርቅ ዳሯ ካለበት አይነቃነቅም፤ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ከጠብታው ሁሉ ፈጥኖ የሚተነው ደግሞ ያ ስሱ ዳር ነው። ከዳር የተነነውን ለመተካት ከመካከል ውሃ ይፈስሳል፤ ሲፈስስ የቡናውን ብናኝ እየጫነ ወስዶ ዳር ላይ ያራግፈዋል። ቀለበቱ የዚያ ጭነት ክምር ነው።

የባሮኩ ሠዓሊ መጽሔት አላነበበም፤ እጁ ግን ያውቀዋል። ቀለበት እንዳይወጣበት ሲፈልግ ዳሩን ለመድረቅ ፋታ አይሰጠውም። ወረቀቱን በትንሹ ያዘነብላል፤ ቅቡ ከታች ጫፍ ላይ ረጠብ ያለ ከንፈር ይሠራል፤ ያንን ከንፈር በብሩሹ እየጎተተ ወደ ታች ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የተረፈውን በደረቀ ብሩሽ ይመጥጠዋል። ቀለበቱን ሲፈልገው ደግሞ ይተወዋል፤ የገደል ጠርዝ ራሱን በራሱ ይሥላል።

ለሰሜን ገደል የምመክረው ግን ከዚህ ትንሽ ለየት ያለ ነው። ጠዋት ላይ ሲያዩ የአምባው ጫፍ በቢላ እንደተቆረጠ ስል ነው፤ እግሩ ግን በሸለቆው ጉም ውስጥ ጠፍቷል። ይህንን እንዲህ ይሥሩት። ጫፉን በደረቅ ወረቀት ላይ በቶና ያስምሩ። ወዲያው፣ ሳይደርቅ፣ ሁለተኛውን መፋቂያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይንከሩና ከሥሩ እየነኩ ወደ ታች ይጎትቱት። ቀለሙ ወደ ውሃው እየገባ ይቀጥናል፤ ቀጥኖ ቀጥኖ ወረቀቱ ይቀራል። በደረቅ ወረቀት ላይ የተቀባ ቀለም ስል ጠርዝ ይይዛል፤ በርጥብ ላይ የወደቀ ግን ይበተናል። ጉምና ገደልን በአንድ ቅብ የሚያወጣው ይህ ልዩነት ነው።

ወረቀቱም የራሱ ድርሻ አለው። አንዲት ጠብታ ቡና ሶፍት ላይ፣ ሌላ ጠብታ ደብተር ላይ ያድርጉ። ሶፍቱ ጠጥቶ ያሰፋታል፤ ደብተሩ ግን ለጥቂት ጊዜ አናቱ ላይ አቁሞ ይይዛታል። የደብተር ወረቀት ሲሠራ ውሃ ቶሎ እንዳይጠጣ የሚከላከል ነገር ይገባበታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ ይሠራና የቆዳ ቁርጥራጭ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ይነከር ነበር። ያ ሙጫ ነው ለሠዓሊው ብሩሹን የሚያንቀሳቅስበት ፋታ የሰጠው።

ብራናስ? ብራና ቆዳ ነውና ቀለሙ ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ብዙ ውሃ ሲነካው ደግሞ ይኮማተራል፣ ይጨማደዳል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ብራና ላይ ሲሥሉ በውሃ የቀጠነ ጥላ ሳይሆን ወፈር ያለ፣ ከሥሩ የማያሳልፍ ቀለም ነበር የሚቀቡት። የፊት ጥላ ማውጣት ጎልቶ የመጣው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ከ1730ዎቹ ወዲህ በታወቀው የጎንደር ሁለተኛ ስልት ነው። መልክዓ ምድር ለብቻው የመሣል ልማድ ግን አልነበረም፤ ሥዕሉ የቅዱሳን ነበር።

በብዕሩ ግን ጎንደርና አምስተርዳም ይገናኛሉ። የአምስተርዳሙ ሠዓሊ ሬምብራንት (1606–1669)፣ በተለይ በ1650ዎቹ፣ የሜዳና የጎጆ ንድፎቹን ይሠራ የነበረው ብዙ ጊዜ በመቃ ብዕር ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊ ዛሬም የሚቀርጸው ያንኑ መቃ ነው።

መቃ ወይም ቀጭን ሸምበቆ ያገኙ እንደሆነ ይሞክሩት። ጫፉን በሰያፍ ይቁረጡና ቅርጽ ያስይዙት፤ መጀመሪያ ሳይሰነጥቁት ቡናው ውስጥ ነክረው ይጻፉ። ወይ ይዘረግፋል ወይ ይነጥፋል። አሁን ምላሱን መካከል ለመካከል በቢላ ጫፍ በጥንቃቄ ይሰንጥቁትና እንደገና ይንከሩ። መስመሩ ተከታትሎ ይወርዳል። ውሃ ጠባብ ቦታ ሲያገኝ ሁለቱን ግድግዳዎች እየያዘ ይሳባል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች ወደ ላይ የሚያወጣው በዚሁ ባሕርይ ነው። ስንጥቁ ቀለሙን ከላይ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ አቆይቶ ለጫፉ በልክ ያቀብለዋል።

ስንጥቁ ሁለተኛ ጥቅም አለው። ጫን ሲሉት ምላሱ ይከፈታል፤ መስመሩ ይወፍራል። ላላ ሲሉት ይቀጥናል። እስክሪብቶ ይህን አይችልም፤ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ እየተሽከረከረች ወፍራሙን ቀለም እኩል አድርጋ ታወርደዋለች፤ ለማስታወሻ ግሩም፣ ለተራራ ድርቅ ያለ ነው። በመቃ ግን ብዕሩም ራሱ ርቀት ይሠራል። የቅርቡን ድንጋይ ወፈር ባለ መስመር፣ የመካከሉን ቀጠን ባለ፣ የሩቁን ደግሞ ብዕሩ ሊነጥፍ ሲል በሚወጣው ቁርጥ ቁርጥ በሚል መስመር። በጣም ሩቁ ጭራሽ መስመር አያሻውም፤ በረካው ይበቃዋል።

እስክሪብቶ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ። ቀለሙ ዘይትነት ስላለው ውሃ ሲነካው አይፈስስም። በእስክሪብቶ ነድፈው ላዩ ላይ በረካ ቢቀቡ መስመሩ ካለበት አይነቃነቅም። በቡና ነድፈው ቢቀቡበት ግን መስመሩ ይሟሟና ከቅቡ ጋር ይቀላቀላል። ይህን እንደ ጥፋት አይዩት፤ መስመሩ ሲለሰልስ ዛፍ ቅጠል ያወጣል።

አሁን ከቡናው እንለፍና ወደ እውነተኛው ቀለም እንምጣ። ለዚህም ከማድ ቤት አንወጣም።

ጣሪያው ሥር ከእንጨት ጭስ የተንጠለጠለው፣ ሲያዩት የሚያብረቀርቀው ጥቀርሻ አለ። ያንን ይልቀሙት (ዓይንዎን ይጠብቁ)፣ ይፍጩት፣ በውሃ ይቀቅሉትና በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ያጥልሉት። የሚወርደው ቡናማ ውሃ አውሮፓውያን ቢስትር የሚሉት ቀለም ነው። እነሱ የሚወዱት ቢች ከተባለው ዛፍ ጭስ የወጣውን ነበር፤ የእርስዎ የወይራ ወይም የባሕር ዛፍ ይሆናል፤ እንደ እንጨቱም ቀለሙ ይለያያል። ቡናማ የሚያደርገው በጭሱ ውስጥ ያለው፣ ሳይቃጠል የቀረው ዝፍትነት ያለው ነገር ነው። በዚህ ቀለም የተሠራ ሥዕል ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች በመስታወት ተሸፍኖ ይጠበቃል፤ የእኛ ማድ ቤት ደግሞ ለበዓል ሲጸዳ ተጠርጎ ይጣላል።

የኩራዝ ጥላሸት ሌላ ነው። እሱ ጥቁር ነው፤ ንጹሕ ካርቦን ለመሆን የተቃረበ። ማንኪያ ነበልባሉ ጫፍ ላይ ያዝ አድርገው ጥቂት ይልቀሙና ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ውሃው ተጠቅልሎ ይንከባለላል፤ ጥላሸት ውሃ አይወድም። ከነበልባሉ ራቅ ብለው አንዲት ጠብታ አረቄ ቢያደርጉበት ግን ወዲያው ይርሳል። የቁም ጸሐፊዎች መላ ከአረቄ የሚሻል ነው፤ ሙጫ። የግራር ሙጫ ውሃ ውስጥ ይሟሟና እያንዳንዷን የጥላሸት ቅንጣት ይለብሳታል፤ ያን ጊዜ ጥላሸቱ ከውሃው ጋር ይታረቃል፤ ሲደርቅም ሙጫው ብራናው ላይ ያጣብቀዋል። ዕጣን ግን ለዚህ አይሆንም፤ አብዛኛው ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ቅጠልና አርሮ የተቆላ እህል የሚጨምሩም አሉ፤ እየታሸ፣ እየተቀመጠ ለወራት ይብላላል።

ሦስተኛው ከሁሉ ጉደኛው ነው። የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይዘፍዝፉ። ከዚያ በጣም የወፈረ ሻይ ያፍሉና፣ ሲበርድ፣ ከኮምጣጤው ጥቂት ጠብ ያድርጉበት። ቀዩ ሻይ ዓይንዎ እያየ ይጠቁራል። ቆዳ ፋቂዎች ከቅርፊት የሚያወጡት፣ ሻይንም አፍ የሚያስይዘው ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። አውሮፓውያን ከሻይ ፈንታ ኦክ በተባለው ዛፍ ላይ ነፍሳት የሚያበቅሉትን እባጭ ይወቅጡ ነበር እንጂ ሥራው ያው ነው። ይህን ኋላ እንዳይጠጡት፤ ብልቃጡ ላይ ይጻፉበት።

የብረቱ ቀለም በደረቀ ቁጥር አየር እየሳበ ይጠቁራል፤ ከዚያ ውሃ እምብዛም አያነቃንቀውም። ለብዕር የተመረጠው ለዚህ ነው። ግን ጠላትም አለው፤ ራሱ። አሲድ ስላለው በዘመናት ብዛት ወረቀቱን ይበላዋል፤ ጥቁሩም ወደ ቡናማ ይለወጣል። የጣልያኑ ሠዓሊ ጉዌርቺኖ፣ በ1666 ቦሎኛ ላይ የሞተው፣ ለደስታው እያለ የነደፋቸው ድንቅ መልክዓ ምድሮች አሉት፤ ከንድፎቹ አንዳንዶቹ ብዕሩ ጠበቅ ባለበት ቦታ ተቦድሰዋል። ካርቦን ግን አይዝግም፣ አይደበዝዝም። በዚህ በኩል የቁም ጸሐፊው ጥላሸት የሮምንና የቦሎኛን ቀለም አስከንድቶታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቦሎኛን ካነሣን ዘንድ፣ ከዚያች ከተማ የተነሣ አንድ ነዳፊ በሊማሊሞ አልፏል። ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ሲገባ አብሮት ነበር፤ የአገራችንን ዕፅዋት በብዕርና በቀለም እጅግ አሳምሮ ነድፏል። ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ ኋላ መጽሐፉን ሲያሳትም ንድፎቹን የራሱ እጅ ሥራ አስመሰላቸው፤ የባሉጋኒ ድርሻ በወጉ የታወቀለት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከሥራዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው።

ሌላው ነዳፊ ወደ መካነ ብርሃን ሰፈር የሚያቀርበን ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደር (1813–1868) በአገሩ ገዥ በደጃዝማች ውቤ ዘመን ሰሜን ገብቶ ኖረ፤ ሰውንም አገሩንም እየነደፈ። በጃናሞራ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ እጁ አለበት። ውቤ ያሠሯት ያቺ ደረስጌ፣ በ1855 ውቤ ሲሸነፉ፣ ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑባት ናት። ዛንደርም ከውቤ በኋላ ቴዎድሮስን አገለገለ።

ወደ እርስዎ ሥዕል እንመለስ፤ አሁን ደርቆ ይሆናል። ሲደርቅ ከጠበቁት በላይ ፈዝዞ ካገኙት አይደንግጡ፤ ርጥብ ቅብ ሁልጊዜ ከደረቁ የጠቆረ ይመስላል። በሚቀጥለው ቀለሙን ከሚፈልጉት አንድ ደረጃ ጠቆር አድርገው ይጀምሩ። የቡና ሥዕል ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይም አይስቀሉ፤ ይነጣል።

ከተራሮቹ አንዱ ከተራው ወጥቶ ወደ ፊት የዘለለ ከመሰለ፣ ከፊቱ ካለው ይልቅ ጠቁሯል ማለት ነው። ገና ርጥብ ከሆነ ሶፍት ጠቅልለው ጫን ያድርጉበትና ያንሡ፤ አያሹት። ከደረቀ በኋላም በንጹሕ ውሃ አርሰው፣ ትንሽ ቆይተው በሶፍት ቢጫኑት ጥቂቱ ይነሣል። በምስማሩ ቀለም የሠሩት ከሆነ ግን አይነሣም፤ ያን ጊዜ የፊተኛውን አምባ አንድ አቦል ይደርቡለት፣ የኋለኛው ራሱ ይርቃል።